ግንቡን አይቶ ፒያሳን ማለፍ

ጎንደርን በቡድን የሚጎበኝ ሰው መንገዱ አስቀድሞ ተቆርጦለታል። ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ከምሳ በፊት ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከሰዓት በኋላ የፋሲል መዋኛና ቁስቋም፤ በማግሥቱ ማለዳ ሻንጣ ተጭኖ ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች። በዚህ ሁሉ መሐል ያለችው ፒያሳ ማኪያቶ የሚጠጣባት፣ ከባንክ ብር የሚወጣባት፣ ለመንገድ ውኃ የሚገዛባት ቦታ ናት። መኪናው ጥግ ይይዛል፣ ሰዉ ወርዶ ይበተናል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ረዳቱ ቆጥሮ ያስገባል። ቀና ብሎ ሕንፃዎቹን የሚያይ ጥቂት ነው።

ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ከፋሲል ግቢ አጥር እስከ ፒያሳ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ግን ሦስት መቶ ዓመት ነው። አንዱን የኢትዮጵያ ነገሥታት ሠሩት፤ ሌላውን አገሪቱን ለመግዛት የመጣ ወራሪ ተክሎት ሄደ። ሁለቱን በአንድ ጠዋት በእግር እየዞሩ ማየት የሚቻልበት ከተማ በአገራችን ብዙ የለም። በዚያ ላይ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ሲነዳ ዓለም በቅርስነት የመዘገባቸው ተራሮች አሉ።

በቡድን መጓዝ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤቱና የጽዋ ማኅበሩ አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ እየዘመረ ለገና ላሊበላ፣ ለመስከረም 21 ግሸን፣ ለኅዳር 21 አክሱም፣ ለጥምቀት ጎንደር ሲሄድ ኖሯል፤ ዛሬም ይሄዳል። በቱሪዝም ስም የተደራጀው ጉብኝት የመጣው በኋላ ነው። በ1950ዎቹ መንግሥት የቱሪዝም ድርጅት ሲያቋቁም ሥራውን የመሩት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ነበሩ። «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር የእሳቸው ነው፤ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን በአንድ ዙር የሚያገናኘው ታሪካዊው መስመርም የተለመደው በዚያ ዘመን ነው። በደርግ ጊዜ ቱሪስት ማስጎብኘት የመንግሥት ድርጅት ሥራ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የግል አስጎብኚ ድርጅቶች በዙ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወጪ ተካፍለው የሚወጡ የአዲስ አበባ ወጣቶች ተጨመሩባቸው። ሚኒባስ ይከራያሉ፣ ድንኳን ይይዛሉ፣ የመንገዱ ጫፍም ብዙ ጊዜ ሰሜን ተራሮች ነው።

ጥሩ የጎንደር አስጎብኚ ትረካውን ከትኬት መቁረጫው በኋላ አይጀምርም። ከውጭ፣ ከጃንተከል አደባባይ ይነሣል። እንግዶቹን ወደ ግቢው ፊት አዙሮ 900 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የድንጋይ አጥር ያሳያቸዋል፤ በአጥሩ ላይ 12 በሮች እንዳሉ፣ እያንዳንዱም የራሱ ስምና የራሱ ባለጉዳይ እንደነበረው ይነግራቸዋል። ዳኞች የሚገቡበት ወንበር በር አለ፤ ነፊዎቹ የሚገቡበት እምቢልታ በር አለ፤ የፈረሰኛው አለቃ ባልደራስ በር አለው፤ ለተዝካር የሚመጣው ሰው በተዝካሮ በር ይገባል። ይህን የሰማ ጎብኚ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ የሚያየው የድንጋይ ክምር አይሆንበትም። ዳኛው፣ ነጋሪት መቺው፣ ባለ አቤቱታው፣ ፈረስ ጠባቂው በየበሩ ሲተላለፉ ይታየዋል።

ዐፄ ፋሲል ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም ነገሡ። ጎንደርን መቀመጫቸው ያደረጉት በ1628 ዓ.ም ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ነገሥታት ድንኳናቸውን እየነቀሉ ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ስለነበር በአንድ ቦታ በድንጋይና በኖራ ተገንብቶ የጸና መናገሻ በዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበር። የፋሲል ግንብ በአራት ማዕዘኑ ክብ ማማ አለው፤ የማማዎቹ ጣሪያ ጉልላት ነው፤ ከላይ በደቡብ በኩል ከሁሉ ከፍ ያለ አራት ማዕዘን ግንብ ተቀምጦበታል። ቀረብ ብሎ ግድግዳውን የነካ ሰው ጠቆር ያለውን ድንጋይ ከበርና ከመስኮቱ ዙሪያ ከተገጠመው ቀላ ያለ ድንጋይ ለይቶ ያያል። በመሐሉ የሚታየው ነጭ ኖራ ነው። በአንድ ወቅት በሲሚንቶ የተጠገኑ ቦታዎች ነበሩ፤ ሲሚንቶው ከጥንቱ ድንጋይ ጋር ስላልተስማማ ኋላ ላይ ባለሙያዎች እየነቀሉ በኖራ ተክተውታል። በቅርብ ዓመታትም በግቢው ሰፊ ጥገና ተደርጓል።

ግንቡን ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ በየቡድኑ ይነሣል። «ፖርቱጋሎች ናቸው» የሚል አንድ ጎብኚ አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ዐፄ ፋሲል እንደነገሡ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጥተዋል። ከጎንደር በስተ ደቡብ በእንፍራዝ አቅራቢያ ያለው የጉዛራ ግንብ ደግሞ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ ማለትም ጎንደር ከመቆርቆሯ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ የታነፀ ነው። የሕንድ፣ የዐረብና የአውሮፓ እጅ በጎንደር ግንቦች ላይ መኖሩን ባለሙያዎች ይቀበላሉ፤ ያዘዘው፣ ያሠራውና በገዛ ልማዱ የተጠቀመበት ግን የአገሩ መንግሥት ነው። አስጎብኚ ይህን በእርጋታ ካስረዳ በወሬ የከረመ አንድ ስሕተት ያርማል።

ከፋሲል በኋላ የነገሡት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨመሩ። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። የልጃቸው የዐፄ ኢያሱ ግንብ በዘመኑ ከሁሉ ያጌጠ ነበር፤ በ1690ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ደርሶ ንጉሡን ያከመው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ስለ ከተማዋ ጽፏል። ይህ ግንብ ዛሬ ጣሪያ የለውም። በ1696 ዓ.ም ገደማ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ደግሞ ባሰበት። ዐፄ ዳዊት የዘፈን ቤት ሠሩ። ዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽና ጋጣ አቆሙ። ባለቤታቸው እቴጌ ምንትዋብ በግቢው የሠሩት ግንብ ሳያንሳቸው በስተ ምዕራብ ቁስቋም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሳነፁ። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ጎንደር ሲገባ የፈንጣጣ ሕሙማንን ያከመው በዚሁ በቁስቋም ነው። ዛሬ ቁስቋም የሚሄድ ቡድን የፈረሱ አዳራሾችን፣ በግድግዳዎቹ ላይ የተቀረጹ ጌጦችንና ብዙ ጸጥታ ያገኛል። ከፋሲል ግቢ ይልቅ ቁስቋምን የሚወድ ጎብኚ ጥቂት አይደለም፤ እውነትም አለው።

የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሁለት ጊዜ በእሳት አልፈዋል፤ በ1859 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ሲያስዘርፉና ሲያቃጥሉ፣ በ1880 ዓ.ም ደግሞ ድርቡሽ ሲገባ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከድርቡሽ እሳት ያመለጠው የንብ መንጋ ወጥቶ ስለከለከላቸው ነው ይባላል። ከጣሪያው ሥር ቆሞ ቀና ያለ ሰው በረድፍ በረድፍ የተሣሉ የመላእክት ፊቶችን ያያል። ሁሉም ዓይናቸውን አፍጥጠዋል፤ አንዱ ግን ከሌላው ጋር ፍጹም አይመሳሰልም። ቡድኖች እዚህ ከሃያ ደቂቃ በላይ አይቆዩም፤ ቢያንስ እጥፉን ይፈልጋል።

የፋሲል መዋኛ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ይከርምና ለጥር 11 ከቀሃ ወንዝ በሚሳብ ውኃ ይሞላል። በአጥሩ ላይ የበቀሉት ዛፎች ሥሮቻቸውን ከድንጋዩ ላይ እያወረዱ ግድግዳውን ጭብጥ አድርገው ይዘውታል፤ የትኛው የትኛውን ደግፎ እንዳቆመ ለመለየት ያስቸግራል። የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ ሳምንት ጎንደር የሚመጣ ቡድን አልጋ ከወራት በፊት ካልያዘ ማደሪያ አያገኝም።

አሁን ወደ ፒያሳ።

የጣሊያን ጦር በአኪሌ ስታራቼ መሪነት ከኤርትራ ተነሥቶ በመጋቢት 1928 ዓ.ም ጎንደርን ያዘ። ፋሽስቱ መንግሥት ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማልያ ጋር ጠቅልሎ ሲከፋፍል ጎንደርን «የአማራ ግዛት» ብሎ ለሰየመው ክፍል ዋና ከተማ አደረጋት። የከተማዋን ፕላን እንዲያወጣ የተሰጠው የፍሎረንሱ አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ነበር። ይኸው ሰው የደሴንና የጅማን ፕላን ሠርቷል፤ ከኢትዮጵያ ከሄደ በኋላም የአልባኒያን ዋና ከተማ የቲራናን መሐል ነድፏል። ጎንደርን ሲያቅድ የመንግሥቱን ቢሮዎች ከፍታው ላይ አስቀመጠ፤ የጣሊያኖችን የንግድ መንገድ በመሐል ዘረጋ፤ የአገሬውን ሰው ሰፈር ለይቶ ወደ ዳር አወጣ። ያ ዐደባባይና ያ መንገድ ነው ዛሬ ፒያሳ የሚባለው።

ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱን፣ የባንክና የቴሌ ሕንፃዎችን፣ በሁለቱም ወገን የተሰለፉትን ሱቆች ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው የጋራ መልካቸውን ይለያል። ቀለማቸው ወደ ቢጫ የሚያደላ ክሬም ነው። ጣሪያቸው ዝርግ ነው። ማዕዘናቸው አይሾልም፣ ክብ ሆኖ ይዞራል። ከመስኮቶቹ በላይ እንደ ባርኔጣ ጠርዝ የወጣች ቀጭን የሲሚንቶ ጥላ አለች። በሮማና በአሥመራ በዚያው ዘመን ከተሠራው ብዙው እንዲህ ነበር፤ ጌጥ የሌለው፣ አግድም መስመር የሚወድ፣ «ዘመናዊ ነን» የሚል አሠራር። ዛሬ በእነዚያ ሕንፃዎች ሥር ጁስ ይጨመቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ልብስ ይሰፋል፤ በፊታቸው ባጃጅ ይተራመሳል። የጎንደር ልጅ ቀጠሮ ሲይዝ «ፒያሳ እንገናኝ» ይላል።

የውጭ አስጎብኚ ድርጅቶች ይህን ሰፈር ሲያስተዋውቁ «የቅኝ ግዛት ከተማ» የሚሉበት ጊዜ አለ። ይህ መታረም አለበት። አሥመራ ከአርባ ዓመት በላይ የቅኝ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ ጎንደር ግን ለአምስት ዓመት ከመንፈቅ በወረራ የተያዘች፣ በዙሪያዋ ያሉት የወገራና የአርማጭሆ አርበኞች አንድም ቀን እረፍት ያልሰጧት ከተማ ናት። ታሪኩ የሚጥመውም እዚህ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ጄኔራል ጉግሊየልሞ ናሲ በተራሮቹ ዙሪያ መሽጎ ወደ ሰባት ወር ገደማ ቆየ። በደባርቅ አቅራቢያ ወልቀፊት ላይ የነበረው ምሽግ በመስከረም 1934 ዓ.ም እጁን ሰጠ፤ ሌላው ምሽግ ቁልቋል በር በኅዳር ተሰበረ። ከዚያም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም፣ የኢትዮጵያ አርበኞችና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ወታደሮች የበዙበት የእንግሊዝ ጦር ከተማዋን ከብበው ሲገቡ ናሲ ከ20 ሺህ በላይ ወታደር ይዞ እጁን ሰጠ። የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ከተማ የወደቀው በዚህ ቀን ነው። በፒያሳ በኩል የሚያልፍ ቡድን ይህን ካልሰማ የኢትዮጵያን የአምስት ዓመት ተጋድሎ መደምደሚያ ሳያውቀው ረግጦት ይሄዳል ማለት ነው።

ፋሲል ግቢ በጥቅምት 1972 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ መዋኛው፣ ቁስቋምና ጉዛራም አብረው ተካተዋል። ፒያሳ አልተካተተችም። የአሥመራ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ግን በሐምሌ 2009 ዓ.ም ተመዝግበዋል። ወራሪ የሠራው ነው ብሎ መተው አንድ አመለካከት ነው፤ ሆኖም ድንጋዩን የፈለጠውና ሲሚንቶውን የተሸከመው የአገሬው ሰው ነው፣ ከ80 ዓመት በላይ የኖረበትም የጎንደር ሕዝብ ነው። ከጣሊያን ወርሰን በገዛ ሕይወታችን ሞልተነዋል። ሕንፃዎቹ ሲያረጁ አፍርሶ በመስተዋት መተካት ቀላል ነው፤ መልሶ ማምጣት ግን አይቻልም።

ከፒያሳ የተነሣ መኪና ወለቃን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይገባል። ወለቃ ላይ ብዙ ቡድን ይቆማል፤ ቤተ እስራኤሎች በ1977 እና በ1983 ዓ.ም በተካሄዱት ታላላቅ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት የኖሩበት፣ በሸክላ ሥራ የታወቀ መንደር ነው። ደባርቅ ላይ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አለ። ተጓዡ እዚያ ይመዘገባል፣ መግቢያ ይከፍላል፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል። አስጎብኚ፣ አብሳይ፣ በቅሎና ባለ በቅሎ የሚገኙትም እዚያው ነው። ከዚያ ቡይት ራስን አልፎ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ሳንቃበር፣ ቀጥሎም 3,600 ሜትር ገደማ ወደሚደርሱት ጊጭና ጨነቅ ይወጣል። የተራሮቹ አናት ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

እነዚህ ተራሮች የተሠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ገንፍሎ በተደራረበ የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ዝናብና ወንዝ ጠርቦ ጠርቦ ዛሬ የሚታየውን ገደል አወጣው። በጅንባር በኩል ውኃው ወደ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ይወረወራል። እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ሲዞር የሚያየው ወፍ ነው፤ ከታች የሚያየው ደግሞ ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት ሌላ አገር ነው። ሜዳው ላይ ጅብራ በቁመቱ ጎልቶ ቆሟል፤ ሸለቆው በአስታ ተሸፍኗል።

ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደሉ ላይ አድረው ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። መቀመጫቸውን መሬት ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ። ከዝንጀሮ ዘር ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ከእነሱ ሌላ የለም፤ ከኢትዮጵያ ውጭም አይገኙም። በወንዱ ደረት ላይ ያለው ቀይ ገላ ከሩቅ ይታያል። ሰውን ስለለመዱ በጥቂት እርምጃ ርቀት መቀመጥ ይቻላል፤ ምግብ መስጠት ግን ክልክል ነው፣ ልማዳቸውን ያበላሻል። የዋልያ መኖሪያ ደግሞ ከጭላዳም የጠበበ ነው። በዓለም ላይ የሚኖረው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው፤ የብሔራዊ ቡድናችን ስም የተወሰደውም ከእሱ ነው። እሱን ለማየት ጨነቅ ድረስ መዝለቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከጎንደር ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ ቡድን ሰሜንን አየሁ ሊል አይገባውም፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር አለበት። ብርዱን የሚችል ልብስ መያዝ፣ በመጀመሪያው ቀን ቀስ ብሎ መራመድ ነው። ከፍታው ራስ ያሳምማል።

ፓርኩ በ1970 ዓ.ም ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። በ1989 ዓ.ም ግን አደጋ ላይ ካሉት ተመደበ፤ የዋልያው ቁጥር መመናመን፣ ግጦሽና እርሻ፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ምክንያቶቹ ነበሩ። ከአደጋው መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም፣ አሥመራ በተመዘገበችበት በዚያው ጉባኤ ነው። ለዚህ ከተከፈለው ዋጋ ትልቁን የከፈሉት የጊጭ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከመንደራቸው ተነሥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። ጊጭ ሜዳ ላይ ድንኳኑን የሚተክል ቡድን ይህን ማወቅ ይገባዋል። በቅርብ ዓመታት የዋልያው ቁጥር እንደገና በእጅጉ መቀነሱ ተዘግቧል።

ኮሮና፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት በጎንደርና በደባርቅ የቱሪዝምን ሥራ ክፉኛ ጎድተውታል። የታሪክ መጽሐፍ አንብቦ፣ ቋንቋ ተምሮ፣ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራው አስጎብኚ፣ በቅሎውን የሚያከራየው ገበሬ፣ የሸክላ ሠሪዋ፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ ሁሉ ኑሯቸው በዚህ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የውጭው ቱሪስት ሲቀር ያቆያቸው የአገር ውስጥ ተጓዥ ነው፤ የጥምቀት እንግዳ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጉዞ፣ የሠራተኞች ማኅበር፣ የወጣቶች ቡድን።

የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ከአካባቢው ሰው ይጠይቅ፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ ይምረጥ፣ ያኔ ተራራው ለምለም ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ቡድን የሚያዘጋጅ ደግሞ በጉዞው ዕቅድ ላይ ለፒያሳ አንድ ሰዓት ይጨምርላት፤ ታሪኩንም እንዲናገር ፈቃድ ያለውን የከተማውን አስጎብኚ ይቅጠር፣ የሚገባውንም ይክፈለው።